አሲድ ያላስፈላቸው ድንጋዮች

ባለቤቴ ሙለታ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ጉደር መንገድ ላይ ባለ አንድ ኮሌጅ የድንጋይ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበር። ድንጋይ በመጋዝ ይቆርጣል፣ መስታወት ላይ ይለጥፋል፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይሞርደዋል። ማታ ሲገባ ቅንድቡ በድንጋይ ብናኝ ነጭ ነው። ያስለው ነበር።

ከዚያ በፊት ወጣትነቱን የጨረሰው የአምቦ ውሃ በጠርሙስ በሚሞላበት ፋብሪካ ነው። ጋዙ የወጣበትን ውሃ «ሞቷል» ብለው ይደፉት ነበር። አምቦ ያደገ ሰው አረፋ የሌለውን ነገር አያምንም።

አንድ ክረምት መምህርት ሃዋኒ ለመመረቂያ ጽሑፏ አንድ ጆንያ ድንጋይ አመጣች። ከሩቅ ተራራ የተለቀመ ነው፤ ተመልሳ የምትሄድበት አቅም አልነበራትም። ካርቦናታይት ይሉታል። ሲያዩት የኖራ ድንጋይ ይመስላል፣ ግን ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ነው።

«ኦቦ ሙለታ፣ አሲድ እያንጠባጠቡ የሚፈላውንና የማይፈላውን ይለዩልኝ» ብላው ልታስተምር ሄደች።

ለየ። የፈላውን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ያልፈላውን ዘበኛው ሮብሳን የግቢውን በር ጭቃ እንዲደለድልበት ሰጠው።

ሃዋኒ ተመልሳ «ሌሎቹስ?» አለች።

«የሞቱት? በሩ ላይ ናቸው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ኦቦ፣ ያልፈሉት እኮ መጨረሻ የወጡት ናቸው» አለችው። የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ካልሲየም የበዛበት ማዕድን ጠጥሮ ይወጣል፤ አሲድ የሚያስፈላው እሱን ነው። ሳይጠጥር የቀረው ቅላጭ እየተለወጠ ይሄዳል፤ ማግኒዚየም ይበዛበታል፣ ቀጥሎ ብረት። ከዚያ የሚወጣው ማዕድን ካልተፈጨ በቀዝቃዛ አሲድ እምብዛም አይፈላም። ብርቅዬ የሚባሉት ንጥረ ነገሮችም ብዙውን ጊዜ የሚጠራቀሙት እዚያ መጨረሻው ላይ ነው። ልትጽፍ ያሰበችው ይህንኑ ለውጥ ነበር። እጇ ላይ የቀረው መጀመሪያው ብቻ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙለታ አካፋ ይዞ ሲወጣ ተከተልኩት። ዝናብ ያካፋ ነበር። የጭነት መኪና ተመላልሶበት ድንጋዩ ከመንገዱ ጠጠር ጋር ተደባልቋል። ሮብሳን አብሮን ይቆፍራል።

«የቀበረውን ራሱ የሚያወጣ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አለ።

«ቀባሪው አንተ ነህ» አለው ሙለታ። ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው።

ያወጣውን አጥቦ በቢላ ይፍቀዋል፣ ዱቄቱ ላይ አሲድ ያንጠባጥባል፣ ጆሮውን ያስጠጋል። ትንሽ ከተንሾካሾከ ወደ ባልዲ ነው። የመንገዱ ጥቁር ጠጠር ዝም ይላል፤ ይጥለዋል። ብረት ያለባቸውን ግን ዝገት ከመሰለው መልካቸው በዓይኑም ለያቸው።

«ተወው በቃ፣ ትንፋሽህን እየው» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። አልተወም።

ብረት የበዛባቸው ብዙዎቹ ተገኙ። ማግኒዚየም የበዛባቸው፣ የመሃሎቹ፣ ጎማ ፈጭቷቸው ከጭቃው ጋር ሄደዋል። ሳምንቱን ሙሉ የተገኘውን ሲሞርድ ሰነበተ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃዋኒ እያንዳንዱን በማይክሮስኮፕ ስታይ አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ።

«ይበቃሻል?» አላት።

«መሃሉ ጎድሏል፣ ኦቦ። እንደጎደለ እጽፈዋለሁ። መጨረሻው ግን አለ።»

ቤት ገብቶ ይህንን ነግሮኝ እጁን ታጠበ። ምሳ አቅርቤ ነበር፤ ደክሞት ሳይቀምስ ተኛ። አልቀሰቀስኩትም።