ዳኛው ከበረዶ ያስጠለሏቸው ምስክሮች

ባለፈው ሳምንት ከደጎሎ ወደ መካነ ሰላም በሚኒባስ ስመለስ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ተማሪ ለጓደኛው «ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አይከሰስም፤ አለቀ!» ሲለው ሰማሁ። ሳቄ አመለጠኝ። እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ አንዲት አንቀጽ ሸምድጄ ዳኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ የጎረቤታችንን የገብስ ክምር አቃጥለሃል ተብሎ ተከሶ ነበር። ችሎቱ የዋለው ሐምሌ ላይ ነው። ሦስቱ ምስክሮች ደጅ ተራቸውን ሲጠብቁ በረዶ ወረደባቸው። ዳኛው ደግ ሰው ነበሩ፤ «ግቡ እንጂ! ሰው በበረዶ ይደብደብ እንዴ?» ብለው አስገቧቸው። ገብተው ልክ እንደ ሽምግልና ተደርድረው ተቀመጡ። ሁለተኛው የረሳውን ሦስተኛው ከተቀመጠበት ያስታውሰው ነበር። እኛ አገር ሽማግሌ ፊት እንዲህ መተራረም የተለመደ ስለሆነ ማንንም አልገረመም። ሰይድ ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

እናቴ የለወሰችውን ጭኮ ይዤ መካነ ሰላም፣ ማረሚያ ቤት መመላለስ ጀመርኩ። መንገድ ላይ ጋሽ ታደሰ ለሚባሉ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ለሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ጉዳዩን ብነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ምስክር ሌላው ሲመሰክር እየሰማ? ይግባኝ በይ። ፍርዱ ይሻርና እንደ አዲስ ይታይ።»

«እንደ አዲስ? ሁለት ጊዜ አይከሰስም ይላል እኮ ሕጉ! እኛው ክሰሱን ብለን እንለምን?»

ሳላስጽፍ ሄድኩ። ለሰይድም ያደረግኩትን በኩራት ነገርኩት። ጭኮውን እያላመጠ አዳመጠኝ።

«ያ ያልሽው ሕግ ማንን ነው የሚጠብቅ?»

«አንተን ነዋ።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔን የሚጠብቅ ከሆነ፣ መውጫዬን አይዘጋብኝም። በይ ሂጂ አስጽፊ።»

እያፈርኩ ተመለስኩ። ጋሽ ታደሰ አልተቆጡኝም። «የተሻረ ፍርድ እንዳልተፈረደ ነው» አሉኝ፤ «ያንቺ አንቀጽ የምትሠራው ነገሩ በደንቡ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው።»

ይግባኙ ሰመረ። በሁለተኛው ችሎት ምስክሮቹ አንድ በአንድ ተጠሩ። አንዱ ሰይድን ሲለኩስ ያየሁት ጠዋት ነው አለ፣ ሌላው ማታ ነው አለ። ሦስተኛው የዚያን ቀን ከላላ ከተማ ገበያ ውሎ እንዳደረ ራሱ ዘከዘከው። ሰይድ በነጻ ተለቀቀ። ጎረቤታችን አዲስ ምስክር አግኝቻለሁ ብሎ እንደገና ሊያስከስሰው ቢሄድ፣ ዐቃቤ ሕጉ «ነጻ የተባለ ሰው በዚያው ጉዳይ አይከሰስም» ብሎ መለሰው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሰይድ ዛሬ ወግዲ ከተማ ልጆቹን ድሮ በሰላም ይኖራል። እኔም እስካሁን ያመንኩበትን ደፍሬ እናገራለሁ፤ ዕድሜ አላለዘበኝም። ያቺ አንቀጽም ትክክል ነበረች። ግን ያን ቀን ሰይድ ሰምቶኝ ቢሆን ኖሮ፣ ምስክሮቹ ያስፈረዱበትን ሦስት ዓመት የማስጨርሰው እኔው ነበርኩ።