ጥፋቱ የእኛ ነው የሚል ወረቀት

የታናሽ ወንድሜን የፊት ጥርስ የሰበርኩት እናታችን በተቀበረች ማግስት ጎህ ሲቀድ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ አጎታችን ሳሎን ውስጥ ነው። ይህን ገና ከጅምሩ የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው፤ ሰፈሩ እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። የዕድራችን ዳኛም ያውቃሉ። ከኋላ ወገቤን ይዘው ሊገላግሉ የሞከሩት እሳቸው ነበሩ፤ በክርኔ ደረታቸውን መታኋቸውና እያሳላቸው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ የልጆች ልብስ መሸጫ ሱቅ አለኝ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ዱባይ ሄጄ ዕቃ አመጣለሁ። ያን ጊዜም ስድስት ጥቅል ልብስ ይዤ ኤርፖርት ተሰልፌ ሳለሁ ወንድሜ ደወለልኝ። እማዬን ትንሽ አሟታል አለኝ። እሺ፣ አሁን ልሳፈር ነው፣ ነገ ጠዋት ቤት ነኝ አልኩት።

ስንጠብቅ ስንጠብቅ አውሮፕላኑ ተበላሽቷል ተባለ። የማንኛው አየር መንገድ እንደነበረ አልናገርም፤ ብናገርም አይጠቅመኝም። መንገደኛው ሁሉ ባንኮኒውን ከበበና መጮህ ጀመረ። አንዷ የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ ሁለት ምርጫ አለ አለች። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው በሌላ አየር መንገድ ይሄዳል፤ በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ሻንጣው ግን በኋላ ነው የሚመጣለት። የማይቸኩል ሆቴል ይሰጠዋል፤ በማግስቱ ማታ ከነዕቃው ይገባል። እኔ ሆቴሉን መረጥኩ። ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈረምኩ።

ቦሌ ስደርስ አጎቴና ወንድሜ ቆመው ጠበቁኝ። እማዬ የት አለች ስላቸው ሆስፒታል ተኝታለች፣ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል፣ ነገ በጠዋት ታያታለህ አሉኝና ላፍቶ እናቴ ቤት መውሰዱን ትተው ጀሞ ይዘውኝ ሄዱ። ጥብስ ቀረበልኝ፣ በላሁ። አልጋ ተነጠፈልኝ፣ ተኛሁ። በእኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ በስልክማ ጭራሽ። ሰውየው እህል ይቀምሳል፣ ያርፋል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባና ያረዳዋል። እኔንም እንደ ደንቡ አረዱኝ።

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ቀበርናት ልጄ» አለኝ አጎቴ። «ጠዋት ትደርሳለህ ብለን ነበር። መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ምን እናድርግ?»

ከማልቀሴ በፊት ሰዓት ቆጠርኩ። የጠዋቱን አውሮፕላን ብይዝ ኖሮ አምስት ሰዓት ይተርፈኝ ነበር። የበኩር ልጅ ነኝ። ሬሳዋን በትከሻዬ ልሸከማት፣ የመጀመሪያዋን አፈር እኔ ልበትንላት ይገባኝ ነበር። ቀና ስል ወንድሜ በሩ ጋ ቆሞ ያለቅሳል። «አንተ ነህ የደበቅከኝ!» ብዬ ተወርውሬ አፉን በቡጢ አልኩት። ጥርሱ ጣቴን ቀደደው። ሲወድቅ ላዩ ላይ ወጣሁና ፊቱን፣ ጆሮውን፣ እጁን ሲዘረጋ እጁን እያፈራረቅሁ መታሁት። ሴቶቹ እሪ አሉ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተዋል፤ ግን መርዶ እንደሚረዳ ስለሚያውቁ ለቅሶ ነው ብለው ዝም አሉ። ወንድሜ አንድም ጊዜ አልመለሰልኝም። ያ ደግሞ ይበልጥ አነደደኝ፤ ተነሥቼ ሆዱን በእግሬ ረገጥኩት። አራት ወንዶች ናቸው ጎትተው ያነሱኝ። የአጎቴ ምንጣፍ ላይ የቀረው ደም የእኔም የእሱም ነው።

ላፍቶ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን በታሸገ ጣት ተቀመጥኩ። ወንድሜ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ከወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። የሚመጣው ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናህ ይልና አጎንብሶ «ቀብሩ ላይ አላየሁህም» ይለኛል። አውሮፕላኑ ዘግይቶብኝ እላለሁ። አንድ የአክስቴ ልጅ «ምነው፣ ሌላ አውሮፕላን ጠፋ?» ሲለኝ አንገቱን አንቄ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር አጣበቅሁት። ምሰሶው ተነቀለና ሸራው በግማሽ ለቀስተኛው ላይ ወረደ። አሮጊቶቹ ከሥር እየዳሁ ሲወጡ አየሁ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም፤ የተሰማኝ ደስታ ነበር።

ሱቄን ስከፍት ጎረቤቴ ጫማ ሻጯ ታሪኩን ሰምታ ጠበቀችኝ። እሷም እንደኔ ዱባይ ተመላላሽ ናት።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!» አለችኝ። «የወንድምህን አፍ ከምታፈርስ አየር መንገዱን አትከስም? እኔን አንዴ አንድ ቀን አዘግይተውኝ ካሳ አስከፍያቸዋለሁ። የተሳፈርክበትን ወረቀት ጥለኸዋል?»

አልጣልኩትም። ወስጄ ክፍለ ከተማው በር ላይ በጃንጥላ ሥር ለሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊ ሰጠኋቸው። «በመንገደኛው ላይ ስለደረሰው ከባድ የሞራል ጉዳት» ብለው ጀመሩና ስንት ብር ልበል አሉኝ። ብሩን ይተዉት፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ብለው በማህተም ይጻፉልኝ አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ እሱን ማንም አይጽፍልህም፤ ብር መጠየቅ ይሻልሃል» አሉኝ። እኔ ግን የፈለግሁት እሱን ብቻ ነበር። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስነስቼ አላየሁህም ላለኝ ሰው ሁሉ ላሳይ፤ አንዱን ደግሞ ወንድሜ ፊት ላስቀምጥ። እዚያ ላይ ጥፋተኛው ተለይቶ ይጻፍልኝና ነገሩ ይለቅ።

የአየር መንገዱ ወኪል ቢሮ ከላፍቶ ብዙም አይርቅም፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከረባት ያሰረ ወጣት ማመልከቻዬን አነበበና ኮምፒውተሩን ነካካ። «ጌታዬ፣ ተለዋጭ በረራ ቀርቦልዎት አልፈልግም ብለዋል። እንዲህ ለሆነ ካሳ አይከፈልም» አለኝ። ከዚያ ስክሪኑን አዙሮ ፊርማዬን አሳየኝ፤ የራሴን ፊርማ። ከሥሩ አንድ መስመር ተጽፏል፤ መንገደኛው አስቸኳይ ጉዳይ የለኝም ብሏል ይላል።

ያን መስመር ሳነብ ጆሮዬ ጮኸ። የተቀመጥኩበትን ወንበር አንስቼ በመካከላችን ያለውን መስታወት መታሁት። በመጀመሪያው ምት ተሰነጠቀ፣ በሁለተኛው ዘርገፍ አለ። ልጁ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ ትከሻዬን በዱላ አለኝ፤ ክንዱን ይዤ ነከስኩት፤ ቀበቶዬን ይዞ መሬት ላይ ደፋኝና በመስታወት ስብርባሪ ላይ ጎተተኝ። ጉንጬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ፖሊስ እስኪመጣ ጉልበቱን ማጅራቴ ላይ ተክሎ ጠበቀ።

ፖሊስ ጣቢያ ዋስ ጥራ ተባልኩ። ማንንም አልጠራሁም፤ አጎቴ ነግሮት ወንድሜ መጣ። የከንፈሩ እብጠት ገና አልጎደለም፣ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። መርማሪው አየውና «አንተንስ ማን እንዲህ አደረገህ?» አለው። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለ። ፈርሞ አወጣኝ። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጀሞ ደረስን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሽማግሌ ያዘው። አጎቴና የዕድሩ ዳኛ ቢሮው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ መስታወቱን አስገጠምን፤ ለዘበኛው ማሳከሚያ ተሰጠው። ኃላፊዋ ደግ ሴት ኖራለች። እሷም በቅርቡ እናቷን ቀብራለች። «ቤተሰቡ መርዶውን ደብቆባቸው፣ ሳያውቁ ከሆነ የፈረሙት፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ልዩ ጉዳይ ብዬ እጽፋለሁ። የይቅርታ ደብዳቤም ላሰጣቸው እሞክራለሁ። ብቻ የደወለላቸው ሰው ቀርቦ ይመስክር» አለቻቸው።

የደወለልኝ ወንድሜ ነው። እሺ አለ። በቀጠሮው ቀን የቀብር ጊዜ የለበሰውን ጥቁር ኮት ለብሶ መጣ። ኃላፊዋ ፊት ተቀመጥን፤ እኔ በአንድ ወንበር፣ እሱ በሌላው።

«በስልክ ምን ነበር ያሉዋቸው?» ብላ ጠየቀችው።

«ትንሽ አሟታል፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ ዕቃህን ተረክበህ ቀስ ብለህ ና አልኩት» አለ ወንድሜ። በጎደለው ጥርስ በኩል አየር እየወጣበት ቃላቱ ያፏጫሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።»

ኃላፊዋ ጻፈች። እኔ እጄን፣ ጣቴ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት አያለሁ።

እንደዚያ አላለኝም። ሰልፍ ላይ ሆኜ የሰማሁትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ወንድሜ፣ እማዬን ትንሽ አሟታል። ዕቃውን ተወው። ራስህን ብቻ ይዘህ ና» ነው ያለኝ። ለትንሽ ሕመም ነጋዴን ስድስት ጥቅል ጥለህ ና የሚል ሰው የለም። እኔ ራሴ ለስንቱ ዘመድ እንደዚያው አድርጌ ደውያለሁ፤ ትንሽ አሞታል፣ ግን ቶሎ ና እያልኩ። እዚያ አገር ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ዐይን ዐይኔን እያየች አስቸኳይ ጉዳይ አለህ ወይ ስትለኝ የለኝም አልኳት። ለወንድሜ በረራው ዘግይቷል፣ ነገ ማታ ነው የምገባው ብዬ መልእክት ላክሁና ስልኬን ዘጋሁት። ሆቴሉ ውስጥ ሻወር ወሰድኩ፣ እራት በላሁ፣ ኳስ አየሁ። እናት ያለው ሰው ሆኜ አንድ ቀን ልዋል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ ወደኔ ዞረች። «እንደዚያ ነው ያሉዎት?»

ደብዳቤው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበረ ማለት ይቻላል። አዎ ብል ይበቃል። ወንድሜ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ከንፈሩን በመሐረብ እየጠረገ አዎ እስክል ይጠብቃል።

«አይደለም» አልኩ። «ዕቃውን ትተህ ና ነው ያለኝ።»

እሷ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ የጻፈችበትን ወረቀት ከፋይሉ አውጥታ ለሁለት ቀደደችው። «እግዜር ያጽናችሁ፤ እንግዲህ እኔ የማደርገው የለም» አለችን። አመስግነን ወጣን።

ደረጃው ላይ ወንድሜ ቀደመኝ። ክንዱን ልይዘው እጄን ስዘረጋ ደንግጦ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ተመለስኩለት።

«አውቄ ነበር» አልኩት። «ስትደውልልኝ ገብቶኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

ክንዱን ቀስ ብሎ ከፊቱ ላይ አወረደ። «አሟታል ስልህ፣ እስቲ አቅርባት፣ ላናግራት አላልከኝም» አለ።