በፈላ ውኃ የታጠበው ስጋጃ

የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ብዙ ሰው አይወድም። ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ዝናብ ያበሰበሰው የሱፍ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ሲቀመጥ፣ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች መስኮት ከፈቱ። እኔ ግን ጠጋ አልኩት። ሰውዬው “ምን ነካት?” ሳይል አልቀረም።

ያ ሽታ የካዛንቺስ ግቢያችን ሽታ ነው። ያደግኩት አክስቴ ቤት ነበር፤ አራት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ። ዛሬ ቦታው የሆቴል መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ያኔ ግን ካዛንቺስ ገና ፎቅ አልበዛበትም ነበር። የአክስቴ ባል፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ሙያቸው ከበግ ጠጉር ስጋጃ መሸመን። አክስቴ ትፈትላለች፣ እሳቸው ይሸምናሉ። ቀለም የሚባል ነገር አይነካውም፤ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ነጩ ከነጭ፣ ዳለቻው ከዳለቻ ነው። ስስና ጠፍጣፋ ሽምን ነበር፤ እንደ ዛሬው የሱቅ ምንጣፍ እግር የሚውጥ አይደለም።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የጋሼ ዓይን ጠፋ። የመጨረሻውን ስጋጃ የጨረሱት ብርሃን እየከዳቸው ስለነበር፣ ጫፉ ላይ አንዱ ጥቁር መስመር ጠመም ብሏል። ያዘዘው ሰው አልወስድም አለ፤ ስጋጃው እኛው ዘንድ ቀረ። ጋሼ በረንዳው ላይ አስነጥፈው፣ እሱ ላይ ተቀምጠው፣ መስመሮቹን በጣታቸው ሲከተሉ ይውላሉ። የጥቁሩ ክር ሻከር ይላል፣ የነጩ ይለሰልሳል። ጠማማዋ ጋ ሲደርሱ፣ “ይቺ ናት ያመለጠችኝ” ይሉና ይስቃሉ። ጋዜጣ የሚያነቡ ነበር የሚመስሉት። ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

የእኔ ድርሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ስጋጃውን ገመድ ላይ ሰቅሎ በመጥረጊያ እጀታ ማራገፍ ነበር። አቧራው የታጠበ ልብሷ ላይ የሚያርፍባት ጎረቤታችን፣ “ኧረ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የምትገርፊው? በቃ ይቅር በይው!” ትለኝ ነበር። ማጠቡ ግን የአክስቴ ብቻ ነው፤ ማንንም አታስነካም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። በዚያ ዕድሜዬ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በሕማማት ሳምንት ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ። አክስቴም አንዱን ቀን ለበዓሉ ልትገዛዛ መርካቶ ሄደች። ቤቱ ለእኔ ቀረ። ላስደስታቸው አሰብኩ። ውኃ አፍልቼ ትልቁ ሳፋ ውስጥ ገለበጥኩ፤ የዱቄት ሳሙናውንም ሳልሰስት ጨምሬ ስጋጃውን ነከርኩበት። የዩኒፎርሜን ሸሚዝ የማነጣው እንደዚያ ነበርና። ሙቀቱ እግር የሚችለው ሲሆን ገብቼ እየዘፈንኩ ረገጥኩት። አረፋው ቡናማ እየሆነ ሲመጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግቢው በሙሉ በግ በግ ሸተተ። ከዚያ እንደ ምንም ጠምዝዤ ጨመቅኩትና ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ሲደርቅ በአንድ ክንድ አጥሯል። ወፍሮና ገርሮ በርኖስ መስሏል። ክሩ እርስ በርሱ ስለተጣበቀ መስመሩ በዓይን እንጂ በእጅ አይለይም።

አክስቴ ገመዱ ሥር ቆማ ዳሰሰችው።

“በምን አጠብሽው?”

“በፈላ ውኃ። እንዲጠራ ብዬ…”

“ወይ አንቺ ልጅ! ጠጉር እኮ ነው!” ብላ ጮኸች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እንዳትነግሪው። ብል ነካው እለዋለሁ” አለችኝ።

የፋሲካ ዕለት ስጋጃውን በረንዳው ላይ አነጠፈችና ብርድ ልብስ ደረበችበት። ጋሼ ተቀመጡ፤ ወዲያው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

“ምነው ዝም አላችሁ?” አሉ።

“ብል ነካክቶት ነው፤ እንደ ነገሩ አድርጌ ጠጋገንኩት” አለች አክስቴ።

“ብል” አሉ ጋሼ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

“ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ቁጭ በይ። ነገ የራስሽን ቤት ስትይዢ ስጋጃ ይኖርሻል። አያያዙን ልንገርሽ።”

ቁጣ አልነበረበትም፤ ሙያ የሚያስተምር ሰው ድምፅ ነበር። “ውኃው እጅሽን የሚቆረጥም መሆን አለበት። እንዶድ ትቀጠቅጪበታለሽ። አታሺው፣ አትጨምቂው፤ በመዳፍሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ውኃውን አስወጪው። እርጥቡን ገመድ ላይ ከሰቀልሽው የራሱ ክብደት ያጣምመዋል፤ ጥላ ላይ ገልብጠሽ ዘርጊው። ስታስቀምጪው ጠቅልዪው እንጂ አታጥፊው፤ መሀሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል አድርጊበት። ብል እሱን አይወድም። በይ አሁን ድገሚልኝ።”

“በቀዝቃዛ ውኃ…” ብዬ አቆምኩ። አፈርኩ። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ከዚያ ወዲህ ትዝ አይለኝም። ጋሼ አልተቻኮሉም፤ እስከ መጨረሻው እስክደግመው ጠበቁኝ።

“ጎበዝ” አሉኝ።

በማግስቱ ልነግራቸው ነበር። “ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁብዎት” የምትል አጭር ነገር ናት። በማግስቱ እንግዳ መጣ። ከዚያ የትምህርት ቤት ፈተና ደረሰ። ደግሞስ የት ይሄዳሉ፤ በየቀኑ እዚያው በረንዳ ላይ ናቸው እያልኩ አቆየሁት። ነሐሴ ላይ፣ ሳልነግራቸው፣ ጋሼ አረፉ።