የካርቶን ኪቦርድ

የልጅ ልጄ ሰሚራ ለከሰዓት የትምህርት ፈረቃ ከመውጣቷ በፊት ካርቶን ላይ የሳለችውን ኪቦርድ በጣቶቿ ትመታ ነበር። ጠክ ጠክ የሚለው ድምፅ በልጅነቴ ሊሙ ገነት የተማርኩበት የእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ መልሶ ጣለኝ።

እዚያ አንዲት የስፌት መኪና ነበረች፤ ዘይቷ እስከ በሩ ይሸታል። ፔዳሏን የምትረግጠው ሁልጊዜ የወረዳው ገዢ ልጅ ናት። እኛ ግድግዳ ተደግፈን እናያለን። አንድ ቀን እግሬ አላርፍ ብሎኝ ባዶውን ወለል ስረግጥ መምህርቷ አየችኝ።

«አንቺ፣ ምን ያስጨፍርሻል?»

«እየሰፋሁ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «በዓይንሽ ተማሪ፣ ይበቃሻል» አለችኝ። ዓይን እንዴት አድርጎ እንደሚሰፋ ሳስብ ከረምኩ። መርፌው እጄ ሳይገባ ትምህርቱ አለቀ። ዛሬም ቀሚሴን የሚሰፋልኝ ሰው ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት ሰሚራን።

«ኢንተርኔት ላይ ትእዛዝ ደርድረን የሥዕል ድመት እናስኬዳለን፣ አኮ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። « ኮምፒውተሩን የሚነኩት ግን ፊት የሚቀመጡት ብቻ ናቸው። እኛን ቲቸር ‹እያያችሁ ተማሩ› ብሎናል።»

«ያንቺስ ድመት ሄደች?»

«አኮ ደግሞ! ካርቶን ላይ እንዴት ትሄዳለች?»

ደሜ ፈላ። መኪናው ተለውጦ ቃሉ ያው! ጫማዬን አጠለቅኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ትምህርት ቤትሽ። ካርቶኑን ያዢልኝ። ዛሬ እኔም በዓይኔ ልማር፤ ቲቸርሽ ድመቷን በዚህ ሲያስኬዳት ልይ።»