ስኮርታና ቃሬዛ

ጎማ የቀየርኩት ለኩራት ነው ብል ይሻለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ፍርሃት ነው። ክረምት ላይ ከከላላ ወረዳ ስመለስ ፒካፔ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ግማሽ ቀን ከተቀመጥኩ በኋላ በሬ ጠምደው ያወጡኝ ገበሬዎች እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። "ይቺን ይዘህ ከምትዞር በቅሎ አትገዛም?" አለኝ አንዱ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ መሀል መቅረት በሕልሜ ሳይቀር ያስጨንቀኝ ጀመር። ደሴ ሄጄ ሰፊ፣ ጥርሱ መሬት የሚቧጥጥ ጎማ አስገጠምኩ። ከፊት የብረት ፓራውልት፣ ከላይ የብረት ፖርቶመጋላ፣ እሱ ላይ ደግሞ ሁለት ስኮርታ፤ አንድ ተጠባባቂ ጎማ አልበቃኝም። ወደምኖርበት መካነ ሰላም ስገባ ሰው ዞሮ ያየኝ ነበር።

ያ ሁሉ ብረት ናፍጣ እንደሚጠጣ ማንም አልነገረኝም፤ ቢነግረኝም አልሰማም ነበር። ከባድ ጎማ ገና ለመሽከርከር ጉልበት ይፈልጋል። ጥርሱ ጭቃ ላይ ጥሩ ነው፤ ደረቅ ኮረት ላይ ግን እየጮኸ ወደ ኋላ ይጎትታል። ድሮ ወግዲ ደርሶ መልስ የሚበቃኝ ናፍጣ አሁን መመለሻው ላይ ይጎድለኝ ጀመር። ናፍጣ ደግሞ እኛ ዘንድ ሲመጣ እንጂ ሲፈለግ አይገኝም።

ከወግዲ ወዲያ ካለው የትውልድ ሰፈሬ ስልክ ሲደወል የናፍጣው ጌጅ ከግማሽ በታች ነበር። የአባቴ ሽንት ከታገደ ሁለተኛ ቀኑ ነው አሉኝ። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ፊደል የቆጠርኩት እሳቸው ዘንድ ስለሆነ እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" እያልኩ ነው ያደግሁት። ስደርስ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሆዳቸው ተወጥሮ፣ ላብ አጥምቋቸው ነበር። "መጣህ?" አሉኝ፤ ሌላ ቃል ለማውጣት አቅም አልነበራቸውም። ሐኪም ዘንድ ቶሎ ካልደረሱ እንደማይተርፉ ፊታቸው ይናገር ነበር።

ጋቢና አስገብቻቸው ስዞር ስድስት ሰዎች ከኋላ ተሳፍረዋል። የቅሬው ሰዎች ናቸው። እኛ አገር ቅሬ ሥራው የሞተ መቅበር ብቻ አይደለም፤ የታመመ ወደ ሐኪም ሲሄድ ተሸካሚ አብሮ ይወጣል። መኪና መጣ ተብሎ ደንቡ አይቀርም። ስንቃቸውን በአገልግል ይዘዋል፤ ቃሬዛቸውን ደግሞ ስኮርታዎቼ ላይ አስረውታል።

"አባ፣ መኪና እያለ ቃሬዛ ምን ይሠራል?" አልኳቸው የቅሬውን ዳኛ፤ ከስድስቱ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ነበሩ።

"አብሽር፣ ልጄ። እሱም ይቀመጥ፣ እህል አይበላ" አሉኝ።

ናፍጣ ይበላል ልላቸው ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝና ሞተር አስነሳሁ።

መንገዱ የሚያቋርጠው ወንዝ ዳር ያለውን ጭቃ ጎማዎቼ በአንድ ትንፋሽ ተሻገሩት። ለዚህ ነው የገዛኋችሁ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ዳገቱ መጣ፤ ደረቅ፣ ኮረታማ፣ ማለቂያ የሌለው ዳገት። ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ ያጓራል፣ የኔታ በየጉድጓዱ ያቃስታሉ፣ ጌጁ ዓይኔ እያየ ይወርዳል። እንዳላየው በእጄ ሸፈንኩት። ወደ ኋላ በሚያሳየው መስታወት እያየሁ ሰዎቹን በኪሎ መመዘን ጀመርኩ። ያ ትከሻ ሰፊው ብቻውን ከሰማኒያ አያንስም። ዳኛውስ ምን ሊሠሩ መጡ? አገልግሉን ሳይቀር ጠላሁት።

የነዳጁ ቀይ መብራት ሲበራ አቆምኩ።

"ውረዱ" አልኩ። "ናፍጣው መካነ ሰላም አያደርሰንም። ውረዱልኝ።"

አንድ በአንድ ወረዱ። እኔም ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቼ ቃሬዛውን ፈታሁና መንገዱ ዳር ወረወርኩት። ስኮርታዎቹን አልነካሁም። ጎማ ቢፈነዳስ? ፈርቼ የገዛሁትን ነገር ፈርቼ ያዝኩት።

"ሰዎቹን አወረድካቸው?" አሉኝ የኔታ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"መኪናው ቀለል እንዲለው ብዬ ነው፣ የኔታ።"

ማርሽ አስገብቼ ተነሳሁ።

ሦስት ኩርባ ያህል ሄድን። ከዚያ ሞተሩ ሁለቴ ተንገጫግጮ ዝም አለ።

ስልኬ ኔትወርክ የለውም። የሚያልፍ መኪና የለም። ላዝላቸው ብዬ ሆዳቸው ጀርባዬን ሲነካ የጮሁትን ጩኸት ዛሬም አልረሳውም፤ መልሼ አስቀመጥኳቸው። በሩን ብከፍት ፀሐይና አቧራ፣ ብዘጋው ትንፋሻቸው። እየከፈትኩ እየዘጋሁ ተቀመጥኩ። ጭቃ ውስጥ አልነበርኩም፤ ጎማዎቼ ምንም አልሆኑም፤ አባቴ ግን አጠገቤ ሊሞቱብኝ ነው። ራሴን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኩርባዎቹን በሚያቋርጠው የእግር መንገድ በኩል የሰው ድምፅ ሰማሁ። ስድስቱ ናቸው፤ ቃሬዛውን ይዘዋል። የአገልግሉን ማንገቻ ዳኛው ራሳቸው ትከሻቸው ላይ አድርገውታል። የደከመ እንጂ የተቆጣ ፊት አላየሁም። የኔታን በጋቢ ደግፈው፣ ሆዳቸውን ሳይነኩ፣ ቃሬዛው ላይ አጋደሟቸው። ስንት ሰው እንደዚያ እንዳጋደሙ እጃቸው ይናገራል።

"አንተ ረጅም ነህ፤ በእግራቸው በኩል ከታች ሁን፣ ዳገቱ እንዳያንሸራትታቸው" አሉኝ ዳኛው።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "ትንፋሽህን ለዳገቱ አኑር" አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

እየተቀያየርን ተሸክመን መካነ ሰላም ሆስፒታል ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሐኪሙ ቀጭን ቱቦ አስገባላቸውና ሽንታቸው ወረደ፤ ዳኑ። ፒካፗን በማግሥቱ በጀሪካን ናፍጣ ይዤ ሄጄ አመጣኋት።

ተመላልሶ የሚመጣብኝ ግን ዳገቱ ነው። ከስኮርታዎቼ አንዱን ብቻዬን አንስቼ መስቀል አልችልም፤ ሁልጊዜ ሰው እጠራለሁ። የኔታ ግን ትከሻዬ ላይ ሲያርፉ ምንም ያህል አልከበዱኝም። ከቃሬዛው የወደቁ እየመሰለኝ፣ እየሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ እጄን ሰድጄ እግራቸውን ዳሰስኩ።