የትርፌ ካርዶችና ሦስቱ ማመልከቻዎች

በ2006 ፌብሩዋሪ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የኢስት ኮልፋክስ ጎዳና በበረዶ ተሸፈነ፣ 15 ቁጥር አውቶቡስም ዘገየ። ሦስት ቻይናውያን ሴቶች ግን ለትምህርት ቀድመው ደርሰው ነበር። እኔ ክፍሉ ያለበትን የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አጸዳለሁ፤ ሥራዬን ስጨርስ ከኋላ ተቀምጬ የትርፌን ትምህርት እሰማለሁ።

ትርፌ ለቻይናውያን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታስተምር ነበር። ሰዋስው አታበዛም፤ አብረው የሚሄዱ ቃላትን ካርድ ላይ ጽፋ በቃላቸው ታስይዛቸዋለች። እነሱ በቋንቋቸው መድኃኒት «ይበላሉ»፣ እኛ «እንውጣለን»፣ እንግሊዝኛው «ይወስዳል»፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም ትላለች። ራሷም የተማረችው እንደዚያ ነው፣ አረጋውያን ስትንከባከብ የሌሎችን ሪፖርት እየገለበጠች።

ከሦስቱ አንዷ ሊን እንግልውድ ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ልብስ አጣቢ ናት። በአራት ዓመት እጇ በሳሙና ተላልጧል። ወደ ረዳት ነርስነት ለመዛወር አመለከተች፤ እዚያው ኩሽና የሚሠሩት ሁለቱ ጓደኞቿም አመለከቱ። አለቃቸው አንድ ሰው ነው የጻፈላችሁ ብላ ወረቀቱን መለሰችባቸው። እስከ ሰኞ ራሳቸው ጽፈው ካላመጡ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ትርፌ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች። ሦስቱም ላይ ያሉት የካርዶቿ ቃላት ናቸው፤ «ጠንካራ ፍላጎት አለኝ»፣ «ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ»። ስህተት የለም፤ ልዩነትም የለም።

«ዩኒፎርም አልብሰሽ ነዋ የላክሻቸው» አልኳት።

አልሳቀችም። ሊንን እዚያ ቤት ምን እንደምታደርግ ጠየቀቻት። ሊንም ምግብ እምቢ ስለሚሉ አንድ ሽማግሌ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረቻት። የታጠበ ልብስ ልታደርስ ስትገባ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ታዞርላቸዋለች፤ ያን ጊዜ ይበላሉ።

«እሱን ጻፊ።»

«ካርድ የለውም» አለች ሊን።

«የለውም። ያለ ካርድ ጻፊው። ስህተትሽንም አልነካም።»

ሁለቱ ግን መሳሳት ፈሩ፤ የካርዶቹን ቃላት ቦታ ቀያይረው ጻፉ። ሊንን ለሥራው ጠሯት፣ እነሱን አልጠሯቸውም። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ክፍሉ ውስጥ አላየናቸውም። ትርፌ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ሻይ አቀረቡላት፣ ስለ ልጆቿ ጠየቋት፣ ነገሩን ሳያነሱ ሸኟት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እኔ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ በቅንነት የሰጡት ነገር መቼ እንደሚጎዳ ግን የተማረውም አስቀድሞ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሁን 2009 ነው። ትርፌ በሥራ ቀን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለሕሙማን ቀጠሮ ትይዛለች፤ ቅዳሜ ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ታስተምራለች፣ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ለብቻ ስለምታነብ ከአራት ተማሪ በላይ አትቀበልም።