«ነገ ተመለሱ» ይል የነበረው አሻንጉሊት

ምላሴ ክፉ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ተማሪዎቼ የሚያስታውሱልኝ ከሒሳቡ ይልቅ ያወጣሁላቸውን ቅጽል ስም ነው። ዛሬ ልጅ ወልደው እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ያንኑ እያነሡ ይስቃሉ። ያልሳቀልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጓደኛዬ ነበር።

ጣጣው የመጣው በቴሌቪዥን ነው። ያኔ በከተማችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ እንሰበሰብና የአሻንጉሊቶቹን ፕሮግራም እናያለን። በጨርቅ የተሰፉ፣ ከሥር በሰው እጅ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ግን ስንቱን ባለሥልጣን ልክ ልኩን ይነግሩት ነበር! ከሁሉም የምወደው ሹሙን ነው። ዓይኖቹ የኮት ቁልፎች ናቸው፤ የግራው ክሩ ላልቶ ይንጠለጠላል። ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ ከዚያ «ነገ ተመለሱ» ይላል። ሥራው ይኸው ነው። እኛም ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን።

ጓደኛዬ ያን ጊዜ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ነበር። ሥራ ስንጀምር አንድ ግቢ ተከራይተን የኖርን፣ በኋላም በአንድ የሚካኤል ማኅበር የምንጠጣ ሰዎች ነን። ታዲያ እሱም ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ልማዱ ነው። እኔ ደግሞ ይህንን አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

አንድ ወር ማኅበሩ እሱ ቤት ዋለ። ተረኛው እሱ ስለሆነ ነጠላውን አደግድጎ ጠላ ይቀዳል። ከገጠር የመጡ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ዋንጫቸውን ቢዘረጉ ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነበት። ጉሮሮውን ጠረገና «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» አላቸው። ይኼኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከጥግ ሆኜ፣ በአሻንጉሊቱ ድምፅ «ነገ ተመለሱ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቄሱ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሽማግሌውም ሳቁ። እሱ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ፤ ብዙ ቆየ።

እኔ የማኅበር ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ወሬው ግን ሳምንት ሳይሞላው ከተማውን አዳረሰ። ከአርብ ገበያ ጉዳይ ሊያስጨርስ የመጣ ገበሬ እንኳ «የነገ ተመለሱ ቢሮ በየት በኩል ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ተማሪዎቼ እሱ ባለፈ ቁጥር ከአጥር ጀርባ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሰውዬው ጥቂት ወራት ታገሠ፤ ከዚያ ዝውውር ጠይቆ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ወረደ። ሚስቱንና ልጆቹን እዚሁ ትቶ፣ ያንን ወገብ የሚሰብር የወገዳ መንገድ ጡረታ እስኪወጣ ተመላለሰበት። ለማኅበሩ ግን ይመጣል፤ ተራው ሲደርስም ቤቱን ከፍቶ ያበላል።

ጠብ እንዳይባል ሰላም እንባባላለን። «ደኅና ነህ?» «ደኅና፤ እግዜር ይመስገን።» በቃ። ችግሩ ጽዋው ላይ ነው። የማኅበር ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው፤ የዕለቱ ተረኛ ለቀጣዩ በሁለት እጁ ያስረክባል፤ የተቀያየሙ ሰዎች አይቀባበሉትም። የእኔ ተራ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ነው። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ነገሩ ስለገባቸው ምንም ሳይናገሩ በሁለታችን መካከል አንድ አዛውንት አስገቡ። እሱ ለአዛውንቱ ይሰጣል፤ አዛውንቱ በወሩ ለእኔ። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት ኖርን! አምና አዛውንቱ አረፉ።

ሙሴው ዘንድሮ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያዝ አደረጉኝ። «በሚመጣው ሚካኤል ጽዋውን የምትቀበለው ከእሱ እጅ ነው። ሌላ ሰው አላስገባም። ቀድመህ ሂድና ታረቅ፤ አለዚያ ማኅበሩን ተው» አሉኝ። ደነገጥኩ። እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ አልኳቸው። በማግስቱም ነገ አልኩ። ሦስት ሳምንት ነገ ስል ከረምኩ።

በዚያው ሰሞን ልጄ ከሥራ መጥታ «አባዬ፣ ያ የምትወደው የአሻንጉሊቶች ፕሮግራም እንደገና ተጀመረ እኮ!» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ኧረ የት አባቱ! አዲሱ ሹም ሙሉ ልብስ ለብሶ ያብረቀርቃል፤ ዓይኑ ይገላበጣል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ይነሣል። «ነገ ተመለሱ» የለም። ባለጉዳይ ሲመጣ ኮምፒውተሩን እያየ «ሲስተም የለም» ይላል። ልጄ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ቆሽቴ አረረ።

«ምኑ ነው የሚያስቀው? ይኼ ከድሮው ጋር ሊወዳደር ነው? ያኛው እኮ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ነበር የምንፈነዳው!» አልኳት።

«አባዬ፣ እኔ ለአንዲት ማስረጃ አንድ ወር ሙሉ ሲስተም የለም ተብያለሁ» አለች። «እንዲያ ያለኝ ሰው ፊቱ ድቅን ስለሚልብኝ ነው የምስቀው። አንተስ ድሮ የማን ፊት ነበር ድቅን የሚልብህ?»

በማግስቱ ጋቢዬን ደርቤ እሱ ቤት ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። አየችኝና ገለል አለችልኝ። እሱ ከልጅ ልጆቹ መካከል ተቀምጦ ምን ሲያይ ባገኘው ጥሩ ነው? አዲሱን የአሻንጉሊቶች ፕሮግራም። በሩ ላይ ቆምኩ። «ተቀመጥ እንጂ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አብሬያቸው አየሁ።

«የድሮውን አያክልም» አልኩ፣ የምለው ቢቸግረኝ።

«አያክልም» አለ። «ያኛው ቁልፉ ሲንጠለጠል ያሳዝን ነበር። እሑድ ወገዳ ከዋልኩ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንድም ጊዜ አምልጦኝ አያውቅም።»

«አንተ? ታየው ነበር?»

«እወደው ነበር እንጂ! እዚያ ያንን ወሬ ማንም ስለማያውቅ እንደ ልቤ እስቅ ነበር።» ልጆቹን ወደ ውጭ ሰደዳቸው። «ያን ቀን ዋንጫ የዘረጉት ሽማግሌ አባቴ ነበሩ። ልጅዎ ኃላፊ ሆነ ሲባል ሰምተው፣ በዓይናቸው ሊያዩ ከእስቴ ድረስ መጥተው ነው። አሻንጉሊት የሚባል ነገር አያውቁም። ሰው ሁሉ ሲስቅ ጊዜ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ማታ ምን ተባለ ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?»

ስንት ዓመት ሙሉ እኔ የማስታውሰው የሳቁትን ነበር። «አላወቅኩም። በሚካኤል ይቅር በለኝ» አልኩት። ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። «በማኅበሩ ቀን እንገናኝ» አለ። ይቅር ይበለኝ፣ አይበለኝ፣ ሳላውቅ ወጣሁ።

የሚካኤል ዕለት ቤቱ ሞልቶ ዋለ። ተበላ፣ ተጠጣ። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ሲጨርሱ እሱ ጽዋውን አንሥቶ ወደ እኔ መጣ። ብድግ ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። ጽዋውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

«ነገ ተመለሱ» አለ።

ፍጹም ያ ድምፅ ነው። ማንም አልሳቀም። ሙሴው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኔ ባዶ እጄን እንደዘረጋሁ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ፊቴ እሳት ሆኖ ቆምኩ። ከጀርባው የጓዳው በር ይታየኛል። ያን ቀን እዚያ ውስጥ ማንቆርቆሪያውን ይዞ የቆየው ሳቁ እስኪያልቅለት ነበር፤ አሁን ገባኝ። እንባዬ መጣ።

ይኼኔ ጽዋውን እጄ ላይ አደረገው። የራሱን እጅ ግን አላነሣም። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ከአዲሱ እሻላለሁ አይደል?» አለኝ።

«ከድሮውም» አልኩት።